ሐጂ ዑመር ያመሰገኑኝ ዕለት

እኛ አገር ሰው ለመመስገን ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ መሞት ነው፣ ሌላው መሄድ። ዕድሜ ልኩን «ያ ንፉግ» ስንለው የኖርነው ሰው አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ «ደጉ! እጀ ሰፊው!» ይባልለታል። ሟች መስማት ቢችል ኖሮ በስሕተት የሌላ ሰው ልቅሶ ላይ የወጣ ይመስለው ነበር። ሲሄድም እንዲሁ ነው። ጎረቤታችን ቤት ሲለቅ «እንዲህ ያለ ሰው ከእንግዲህ ከየት ይገኛል» እንላለን፤ ያውም ዕቃው ጋሪ ላይ ተጭኖ ካለቀ በኋላ። ቀደም ብለን ብንነግረው ምናልባት ባልለቀቀ ነበር፤ ግን ማን ይናገራል? «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ብሎ የተረተው ሰው ራሱ ወርቅ ሳይሆን አይቀርም። ስሙን እንኳ የያዘለት የለም።

መርካቶ ደግሞ ይብሳል። መርካቶ ውስጥ ምስጋና ኪሳራ ነው። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ እንዲሉ፣ በጃንሆይ ዘመን ሸማ ተራ ውስጥ ከሰባት ዓመት በላይ ጋቢና ነጠላ የሸጥኩ ሰው ነኝ። በሌላ ነገር ብትከራከሩኝ ልሸነፍ እችላለሁ፤ በሸማ ነገር ግን አትድከሙ። አንዲት ደንበኛ ገብታ ነጠላውን ገና ከሩቅ ስታየው «ውይ ሲያምር! የሠራው እጅ ይባረክ!» ካለች ነጠላውን አጥፋችሁ ወደ ቦታው መልሱት። አትገዛም። ይዛ የመጣችውን በምስጋና ከፍላ ጨርሳለች፤ ሌላ የምትከፍለው የላትም። ነገር ግን አንዱ መጥቶ ጋቢውን ወደ ብርሃን ዘርግቶ፣ ጠርዙን በጣቱ አሽቶ፣ አፉን አጣሞ «ይሄ ደግሞ ምኑ ጋቢ ነው? ወንፊት! ፈትሉ ሻካራ፣ ጥለቱ ደብዛዛ፣ ምኑ ይያዛል?» ሲል ቶሎ ብላችሁ ሻይ እዘዙለት። ያ ሰው ሳይገዛ አይወጣም። የማይፈልገውን ዕቃ ሲያጣጥል የሚውል ሰው መርካቶ ውስጥ እስካሁን አልተወለደም።

ሻጩም የራሱ ሕግ አለው። ዕቃውን ከልክ በላይ ካቆለጳጰሰው ገዢው «ምን ሆኖበት ነው ሊያራግፈው የቸኮለው?» ብሎ ይሸሻል። ይህንን የሸማ ተራ ድመት ሁሉ ያውቀዋል። እናንተም ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

አሠሪዬ ሐጂ ዑመር የወሎ ሰው ነበሩ። ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ቃላቸው እንደ ቡና ስኒ ተቆጥሮ የሚወጣ፣ ከሱቁ በር በስተቀኝ ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጠው የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ሲያንቀሳቅሱ የሚውሉ ሰው ናቸው። በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር የሱቁን ቁልፍ እጄ ላይ ጣል አድርገው «አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ምን ብጠይቃቸው መልሳቸው ይኸው ነው። ከየትኛው ሸማኔ ልቀበል? «አንተ ታውቃለህ።» ለጥምቀት ምን ያህል ነጠላ እናዘጋጅ? «አንተ ታውቃለህ።» ዛሬ ዝናቡ ጠንቷል፣ ገበያም የለም፣ ሱቁን ዘግቼ ብሄድስ? «አንተ ታውቃለህ።» የሌሎቹ ሱቅ ሠራተኞች ጌታቸውን ሳያስፈቅዱ ማስነጠስ ሲፈሩ እኔ የሸማ ተራ ሹም ነበርኩ ማለት ይቻላል። ዋጋ እቆርጣለሁ፣ ሸማኔ እመርጣለሁ፣ ያልጣመኝን ዕቃ እመልሳለሁ። ጓደኞቼ ሲቀኑብኝ በዓይናቸው ይታወቅ ነበር፤ እኔም እንዲቀኑ አልከለከልኳቸውም።

ነገር ግን (ያለ «ነገር ግን» የሚኖር ደስታ አይታችሁ ታውቃላችሁ?) ሐጂ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። አንድ ጊዜ ዕቃውን ሁሉ በየቀለሙ ለይቼ፣ ከበሩ ጀምሮ እስከ ጓዳው ድረስ አሳምሬ ደረደርኩት። ገብተው አዩና «መንገዱ ጠበበ» አሉ። ሌላ ጊዜ፣ በጥምቀት ዋዜማ፣ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት በዚያ ግርግር፣ አንዲት ነጠላ ሳትቀረኝ ሸጬ ጨረስኩ። ባዶውን መደርደሪያ አይተው «አሁን ሰው ቢመጣ ምን ልትሸጥለት ነው?» አሉኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኜ፣ ስሜ ታፈሰ መሆኑን አሳምረው እያወቁ የሚጠሩኝ «አንተ ልጅ» ብለው ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ የአንድ ደጃዝማች ባለቤት ልጃቸውን ሊድሩ አርባ ነጠላ አዘዙ። አርባውም ጥለቱ ቁርጥ አንድ መሆን አለበት፤ ለብሰው የሚቆሙት ሴቶች የአንድ እናት ልጆች መስለው እንዲታዩ ነው የተፈለገው። የተሰጠን ጊዜ ሦስት ሳምንት ብቻ። ምን እናድርግ ብዬ ሐጂን ጠየቅኳቸው። ያሉኝን ታውቁታላችሁ።

አርባ ነጠላ አንድ ማድረግ ቀላል የሚመስለው ሸማኔ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው ነው። የሸማኔ እጅ እንደ ሰው አነጋገር ነው፤ አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ያደርጋል። አርባውን አንድ ሰው ይሥራው ቢባል ደግሞ ሙሽራዋ ወልዳ ክርስትና ታስነሣለች። እኔ ታዲያ ሽሮ ሜዳ ወጣሁና አጠያይቄ ከአንድ ሽማግሌ ሥር ሆነው ሙያውን የተማሩ ስምንት ሸማኔዎች አገኘሁ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ትተውታል፤ ተማሪዎቻቸው ግን ማጉን የሚመቱት ልክ እሳቸው እንዳሳዩአቸው ነው። ስምንት ሰው ይሁኑ እንጂ እጃቸው አንድ ነበር። የጥለቱን ክር ሁሉ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ማሰሮ ቀለም አስነክሬ በገዛ እጄ አከፋፈልኳቸው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ስወርድ የጫማዬ ሶል አለቀ። በመጨረሻው ቀን አርባውን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ ብዘረጋው ጥለት ከጥለት ጋር ገጠመ። እንዲህ ያለ ሥራ ከእኔ በፊት በሸማ ተራ አልተሠራም። ይህን የምለው ትዕቢት ይዞኝ አይደለም፤ ይዞሃል ካላችሁም ይሁንላችሁ።

እሜቴ ራሳቸው ከደንገጡራቸው ጋር ሊያዩት መጡ። አንዱን ነጠላ አነሡ፣ ሌላውን አነሡ፣ አጠጋግተው አዩ።

«ሐጂ፣ ይሄ የማን ሥራ ነው? አንድ እጅ የሠራው እኮ ነው የሚመስለው! እንዲህ ያለ ሰው ለእኛም ቤት በተገኘ!» አሉ።

እኔ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ፤ አንገቴን ደፋ፣ ጆሮዬን ቀና አድርጌ። ሰባት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ከሐጂ አፍ ልትወጣ ነው።

«ይተዉት እሜቴ» አሉ ሐጂ፣ «አንድ የሚንቀዠቀዥ ሠራተኛ አለኝ፤ እንደው ቀንቶት ነው።»

እሜቴ ሳቁ። ደንገጡሯም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? አርባውን ነጠላ ጠቅልዬ መኪናቸው ድረስ አደረስኩላቸው። ንቀትን ሰው ከጠላቱ ሲያገኘው ይለምደዋል፤ የገዛ ቁልፉን አምኖ ከሰጠህ ሰው ሲመጣ ግን የት ታደርገዋለህ?

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአስካለ አንድ በአንድ ነገርኳት። አዳመጠችኝና «ቁልፉን ከሰጡህ ሌላ ምን ይስጡህ?» አለችኝ።

«ቃል!» አልኳት። «አንዲት ቃል!»

«ቃል ለወጥ አይሆንም። ደግሞስ አንተ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ወጥሽ ይጣፍጣል ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ጨዋታውን ወደ ሌላ አዞርኩት።

ጎጃም በረንዳ ላይ አቶ ዘውዴ የሚባሉ የብርድ ልብስና የአቡጀዲ አከፋፋይ ነበሩ። ምላሳቸው ማር ነው። በሸማ ተራ ባለፉ ቁጥር «ታፈሰ! የሸማ ተራ ዓይን! እኔ ጋ የምትመጣው መቼ ነው?» ይሉኛል። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሄድኩላቸው። ገና ሳልቀመጥ «አንተን ያገኘ ነጋዴ ከእግዚአብሔር ሌላ ምን ይለምናል!» አሉኝ። ስለ አርባው ነጠላ ሰምተው ኖሯል፤ እሱንም አነሡ፣ አወደሱ፣ አናቴን ሊስሙኝ ምንም አልቀራቸው። በሩብ ሰዓት ውስጥ የሰባት ዓመት ረሃቤን አስታገሡልኝ።

ሱቃቸውን ሲያስጎበኙኝ ግን አንድ ነገር ሳላይ አላለፍኩም። የበሩ ቁልፍ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ፣ የመሳቢያዎቹ ቁልፍ ሳይቀር በአንድ ገመድ ታስሮ ወገባቸው ላይ ይንሿሿል። ሠራተኛቸው አንድ ጣቃ አቡጀዲ ለማውረድ ሦስት ጊዜ አስፈቀደ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ጎበዝ!» ተባለ። አየሁና እንዳላየ አለፍኩት። የተራበ ሰው የወጡን ጨው አይጠይቅም።

«እንግዲህ ወግ ነውና ነገ መጥቼ ሐጂን እጠይቃለሁ» አሉኝ ሲሸኙኝ። በዚያ ዘመን የቀድሞ ጌታውን ሳይጠይቁ የሰው ሠራተኛ መቀበል ነውር ነበር። ስለ ጠባዩም፣ ስለ እጁም፣ ስለ ሁሉም ይጠየቃል።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ተመልሼ ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁና ሐጂ ፊት አኖርኩት። «ሐጂ፣ ልለቅ ነው። አቶ ዘውዴ ቤት ልገባ ነው» አልኳቸው። «ለምን?» ይሉኛል ብዬ ንግግሬን ከጎጃም በረንዳ ጀምሮ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። የሰባት ዓመቱን በደል፣ መንገዱ ጠበበ ያሉበትን ቀን፣ የእሜቴን ሳቅ፣ ሁሉንም በተራ በተራው ይዤዋለሁ። ሐጂ ቁልፉን አዩ። እኔን አዩ። ሦስት የሙስበሃ ፍሬ አሳለፉ።

«አንተ ታውቃለህ» አሉ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

በማግስቱ ጠዋት አቶ ዘውዴ እስኪመጡ ልጠብቅ ብዬ ሸማ ተራ ስደርስ በሱቃችን በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሐጂ ቁልፉን በሩ ውስጥ ከተው ይታገላሉ፤ ቁልፉ አልዞር ብሏቸዋል። የዚያ በር ማጠፊያ ወርዷል፤ በቀኝ ትከሻ ቀና ካላደረጉት አይከፈትም። ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ የከፈትኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ እሳቸው ከየት ያውቃሉ? ጎረቤቶቻችን አንዱ «ወደ ግራ!»፣ ሌላው «ወደ ቀኝ!» ይላሉ። እኔ ትከሻዬን ሰጠሁት፤ ተከፈተ።

«አረፈድክ» አሉኝ ሐጂ።

ቁልፉን ግን አልሰጡኝም፤ ኪሳቸው ከተቱት። ያቺ ቁልፍ የሰው ኪስ ስትገባ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም። ወይም ልንገራችሁ፤ ቅር አለኝ። የገዛ ቤቴ በር ላይ እንግዳ የሆንኩ ያህል ቅር አለኝ።

ረፋዱ ላይ አቶ ዘውዴ መጡ። እኔ ከበስተኋላ ወዳለው ጓዳ ገባሁ። ስለ ራስ ሲወራ ፊት ለፊት ተገትሮ መስማት ነውር ነው፤ ከጋቢ ክምር ጀርባ ሆኖ መስማት ነውር መሆኑን ግን የነገረኝ የለም።

«ሐጂ፣ ይሄን ታፈሰን ልወስደው አስቤ ነበር፤ ሰውየው እንዴት ነው?» አሉ አቶ ዘውዴ።

«ወላሂ አቶ ዘውዴ፣ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም!» አሉ ሐጂ። የሐጂ ድምፅ መሆኑን ለማረጋገጥ አንገቴን አሰገግኩ። «ሸማ ሳይዘረጋ በእጁ ዳስሶ የሸማኔውን ስም ይነግርዎታል። እኔ ለናቴ ለቅሶ ወሎ ሄጄ ሦስት ወር ስቀመጥ ሱቁን እሱ ላይ ነው የጣልኩት፤ ስመለስ አንዲት ክር አልጎደለችም። የአርባውን ነጠላ ነገር ሰምተዋል፤ እኔ ስነግድ ጢሜ ሸብቶ እንዲህ ያለ ሥራ ዓይኔ አላየም። ታማኝ ነው፣ ትጉ ነው። ከአብራኬ የወጣ ቢሆን ደስ ባለኝ።»

ከጋቢው ጀርባ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? አለቀስኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴን፣ ሁለቱን ልጆቼን ረስቼ አለቀስኩ። ዕንባዬን በአንዱ ጋቢ ጫፍ ጠረግኩት፤ ያን ጋቢ ለሌላ ሰው መሸጥ አሳፍሮኝ ኋላ ራሴ ገዛሁት።

አቶ ዘውዴ ወደ ሐጂ ጠጋ አሉ። «እንዲህ ከሆነ ታዲያ... ለምን ይለቁታል?»

«ምን ላድርግ? ይውሰዱት። ዛሬውኑ ይውሰዱት!»

ዕንባዬ ቀጥ አለ። በክምሩ መሐል አጮልቄ የአቶ ዘውዴን ፊት አየሁት። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ በቀን አሥር ጊዜ የማየው የገዢ ፊት ነው። ሻጩ ዕቃውን ሲያቆለጳጵስበት ዓይኑ ይጠብባል፣ እጁ ወደ ኋላ ይሰበሰባል።

«በሽታ አለበት እንዴ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አላህ ይጠብቀው! ምንም የለበት!»

«እጁስ?»

«ንጹሕ!»

«መጠጥስ?»

«ሽታውን አያውቃት!»

እኔ በነጻሁ ቁጥር አቶ ዘውዴ አንዳንድ እርምጃ ወደ በሩ ያፈገፍጋሉ። በመጨረሻ የበሩ መድረክ ላይ ደርሰው «እንግዲህ... ላስብበት» አሉና ወጡ። መርካቶ ውስጥ ላስብበት ብሎ የተመለሰ ገዢ የለም። አቶ ዘውዴም ከዚያ ቀን ወዲህ በሸማ ተራ ሲያልፉ ማዶ ማዶውን ሆነ፤ የሸማ ተራ ዓይንነቴም በዚያው ቀረ።

ከጓዳው ወጣሁ። ሰባት ዓመት የናፈቅኩት ምስጋና ይኸው መጣ፣ ይዞት የመጣው ግን ሥራ ማጣት ነው። ልቆጣ ብል እንዴት ልቆጣ? ያሉት ሁሉ ደግ ነገር ነው። ላመስግናቸው ብል ያደረጉኝን አደረጉኝ። ከሁሉ የከበደኝ ግን አለማወቄ ነው፤ ከልባቸው ይሁን ገዢ ለማባረር ይሁን በምን ልለይ?

«ሐጂ» አልኳቸው፣ «አሁን ለአቶ ዘውዴ ያሉት እውነትዎን ነው?»

ከዱካቸው ተነሡ። ክንዴን ይዘው በሩ ላይ ወዳለው ብርሃን ሳቡኝ። ከጫማዬ ጀምረው እስከ ራሴ ፀጉር ቀስ ብለው አዩኝ። የሸሚዜን እጅጌ በሁለት ጣታቸው አሹት። ከዚያ አፋቸውን አጣመሙ።

«ትቸኩላለህ» አሉ። «ወሬ ታበዛለህ። ሲከፋህ ፊትህ ላይ ይነበባል፤ ነጋዴ እንዲህ አይሆንም። ነጠላ ስታጥፍ ጫፉን አትገጥምም። ትከሻህም ተንሻፏል፤ ያን በር ስትገፋ ነው መሰለኝ። እንደው ምንህ ይያዛል፣ አንተ ልጅ?»

በሸማ ነገር አትድከሙ ብያችሁ አልነበር? ይህን ንግግር ሰባት ዓመት ሙሉ ከገዢዎች አፍ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። እጄን ዘረጋሁ፤ ቁልፉን ጣል አደረጉልኝ። ወጣ አልኩና ሻይ አዘዝኩላቸው።

ማታ ቤት ገብቼ ራት ቀረበ። የአስካለ ጥያቄ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ነበር። የሸማ ተራን ሕግ ይዤ «ጨው በዛው፣ ቁሌቱም አልበሰለም» ብላት ይገባት ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ግን እሷ ነጋዴ አይደለችም፣ ሳህኑን ታነሣብኛለች። ስለዚህ ደፈር ብዬ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ።

«አስካለ፣ ወጥሽ ይጣፍጣል።»

ጭልፋዋን አስቀመጠች። ጠጋ ብላ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ዳሰሰችና «ምነው፣ አመመህ? ወይስ ልትሄድ ነው?» አለችኝ።